በሽፈራው ፍሬ የጠራው ውሃ ጸድቷል ወይ? አንድ ጥያቄና 23 ምላሾች

ጥያቄውን በአንድ የኢንተርኔት መወያያ ገጽ ላይ የከፈትሁት እኔ ስለሆንሁ፣ የተባለውን ስተርክ የራሴን ስሕተት ማስቀደም ይገባኛል። በሞጆ ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኬሚስትሪ አስተምራለሁ። ለሳይንስ ትርኢት የሚዘጋጁ አራት ተማሪዎቼ ከቆዳ ማልፊያ ድራም የወጣ ፍሳሽ በሁለት ሊትር ዕቃ አስቀድተው አመጡና ደርቆ፣ ተወቅጦና በወንፊት የተነፋ የሽፈራው (የሞሪንጋ ዛፍ) ፍሬ ጨመሩበት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሰማያዊ አረንጓዴ የነበረው ውሃ ከላይ እንደ ምንጭ ጠራ፤ ከሥሩም ወፍራም ዝቃጭ ረጋ። እኔም በዚያው ማታ ፎቶግራፉን አያይዤ፣ የሽፈራው ፍሬ ክሮሚየምን ከፍሳሽ ማውጣት ከቻለ ፋብሪካዎቻችን ስለ ምን በውጭ ምንዛሪ ኬሚካል ይገዛሉ ብዬ ጠየቅሁ። ጥያቄ አልሁት እንጂ አቋም ነበር።

ሞጆን ለማያውቅ አንባቢ አንድ ነገር ልበል። የሞጆ ወንዝ ወደ አዋሽና ወደ ቆቃ ሐይቅ የሚወርድ ሲሆን፣ በከተማውና በአካባቢው በርካታ ቆዳ ፋብሪካዎች አሉ። ጥሬ ቆዳና ሌጦ ወደ ዌት ብሉ፣ ማለትም ለፍቶ ገና እርጥብ ወደሆነ ሰማያዊ ቆዳ፣ የሚለወጠው በክሮሚየም ጨው ነው። በተለመደው አሠራር ቆዳው ከገባው ክሮሚየም ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ይይዛል፤ ቀሪው፣ አንዳንዴ ሲሦው፣ አንዳንዴም ከዚያ የሚበልጠው፣ ከውሃው ጋር ወደ ቦይ ይሄዳል። ስለዚህ ጉዳዩ ለእኛ የመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌ ሳይሆን ከትምህርት ቤቱ አጥር ማዶ ያለ ሽታ ነው።

የመጀመሪያው ምላሽ ከእንኳን ደስ አላችሁ ጋር ታሪክ ይዞ መጣ። ጸሐፊው በሱዳን የሚኖሩ ሴቶች የዓባይን የደፈረሰ ውሃ በዛፍ ፍሬ ሲያጠሩ እንደኖሩ፣ ሳሚያ አል አዝሃሪያ ጃን የተባሉ ተመራማሪም ይህን ልማድ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጥንተው ለዓለም እንዳስተዋወቁ ጠቅሰው፣ ተማሪዎቼ የድሮ ጥበብ ወራሾች መሆናቸውን በትሕትና አስረዱ። ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን እስከ ቁጥር 2 ድረስ ብቻ ቆየ።

ቁጥር 2 በውሃ ማጣሪያ ሥራ ላይ የኖሩ መሐንዲስ እንደሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። የሽፈራው ፍሬ ውሃን የሚያጠራው በውስጡ ያለው ፕሮቲን አዎንታዊ ሙሌት ስላለው እንደሆነ፣ ጭቃን የመሰሉ ደቃቅ ቅንጣቶች ደግሞ አሉታዊ ሙሌት ስላላቸው ፕሮቲኑ እያሰባሰበ እንደሚያወርዳቸው ካብራሩ በኋላ፣ በማልፊያ ፍሳሽ ውስጥ ሟሙቶ ያለው ክሮሚየም ግን ራሱ አዎንታዊ ስለሆነ ፕሮቲኑ እንዲስበው የሚያደርግ ምክንያት እንደማይታያቸው ጻፉ። በመጨረሻም ፍሬው ከመጨመሩ በፊት የፍሳሹ ፒኤች (የአሲድነቱ መለኪያ) ስንት እንደነበር ጠየቁኝ። ጥያቄው አጭርና ጨዋ ነበር፤ እኔ ግን በቀጥታ አልመለስሁም።

ቁጥር 3 ምርቃት ብቻ ነበር። ቁጥር 4 ከሥር የረጋው ዝቃጭ የት እንደተደፋ ጠየቀች። ከዚህ የምላሾች ክር ሁሉ እጅግ አጭሩ መልእክት ይህ ነበር፤ አልፌው ሄድሁ፤ ሌሎቹም አለፉት።

ቁጥር 5 ያለ ሰላምታ ጀመረ። የፋብሪካ ፍሳሽ ለልጆች እጅ የሰጠ መምህር ማስተማር ሳይሆን በኃላፊነት መጠየቅ እንደሚገባው፣ የማልፊያ ፍሳሽ አሲድ እንደሆነና ቆዳን እንደሚያቆስል፣ በትምህርት ቤት ግቢ ምንም ሥራ እንደሌለው ተናገረ። የእጅ ጓንትና መነጽር እንደነበራቸው በቁጥር 6 መለስሁ፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን እውነቱን ስጽፍ ሌላውም አብሮ ወጣ። ልጆቹ አሲዱ የፍሬውን ፕሮቲን እንዳያበላሽ ፈርተው፣ በእኔው ምክር፣ አስቀድመው ጥቂት ኖራ ጨምረውበት ነበር።

መሐንዲሱ በቁጥር 7 ተመልሰው መጡ፤ ትዕግሥታቸው እንዳለቀ ግልጽ ነበር። ኖራ የፍሳሹን ፒኤች ወደ 8 እና 9 ሲያደርሰው ባለ ሦስት ክሮሚየም፣ ማለትም ቆዳ የሚለፋበት ዓይነት፣ ሃይድሮክሳይድ የተባለ የማይሟሟ ነገር ሆኖ እንደሚረጋ፣ ይህም ፋብሪካዎች ለብዙ ዓመታት ሲሠሩበት የኖሩት ተራ አሠራር እንደሆነ ገለጹ። በእሳቸው አነጋገር እኔና ተማሪዎቼ ኖራ የሠራውን ሥራ ወስደን ለሽፈራው ሸልመነዋል። ሦስት ዕቃ አዘጋጁ፣ በአንዱ ፍሬ ብቻ፣ በሌላው ኖራ ብቻ፣ በሦስተኛው ሁለቱንም ጨምሩ፣ ከዚያ በኋላ እንነጋገር ብለው ደመደሙ። ይህን የማነጻጸሪያ ዕቃ ነገር በየዓመቱ ለዘጠነኛ ክፍል የማስተምረው እኔ ራሴ መሆኔን ለማንም አልተናገርሁም።

በዚህ ጊዜ ክሩ ሞቀ። ቁጥር 8 መሐንዲሱን የአገር ዕውቀት የሚንቅ፣ ከውጭ በጆንያ የመጣ ነገር ብቻ የሚያምን ሲል ወረደበት፤ ወላጆቻችን ውሃ ያጠሩበትን ፍሬ በፒኤች መዝኖ መጣል ድፍረት እንደሆነም ጻፈ። ቁጣው የተሳሳተ ሰው ላይ ያረፈ ይመስለኛል። ኖራም የአገር ነገር ነው፤ መሐንዲሱም የወደቀው ፍሬ ሳይሆን የእኔ ሙከራ ነው ማለታቸው ነበር። የሆነው ሆኖ ከዚያ በኋላ ሁለት ወገን ተፈጠረ።

ከሁሉ የጠቀመኝ ቁጥር 9 ነው። ስሌት ብቻ ነበር። አንድ ፋብሪካ በቀን 500 ሜትር ኩብ ፍሳሽ ቢለቅ፣ በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ 40 ሚሊ ግራም ክሮሚየም ቢኖር፣ በቀን 20 ኪሎ ግራም ክሮሚየም ይወጣል። አንድ ግራም የተፈጨ ፍሬ 10 ሚሊ ግራም ክሮሚየም ይይዛል ብለን በልግስና ብናስብ እንኳ በቀን 20 ኩንታል፣ በ300 የሥራ ቀናት ደግሞ 6,000 ኩንታል ፍሬ ያስፈልጋል። ጸሐፊው ቁጥሮቹ ለምሳሌ የተወሰዱ መሆናቸውን ገልጾ፣ የፈለገ ሰው የራሱን ቁጥር አስገብቶ እንዲያሰላ ጋበዘ። አንድ ሰው እንኳ አልሞከረውም።

በቁጥር 10 አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የቡና ገለባ፣ የጤፍ ጭድ፣ የሙዝ ልጣጭና የመሳሰሉት ከባድ ብረቶችን በብዛት እንደሚይዙ የሚያሳዩ ጥናቶች ሞልተው ሳለ ክሩ ሁሉንም በአንድ ስሌት ማጥፋቱ ተገቢ እንዳልሆነ ተከራከረ። ክርክሩ ጨዋና በከፊልም ትክክል ነበር። የስሌቱ ባለቤት በቁጥር 11 ሲመልስለት፣ አብዛኞቹ ጥናቶች ንጹሕ ውሃ ላይ አንድ ብረት ብቻ ተጨምሮበት በቤተ ሙከራ የተዘጋጀ ድብልቅ እንደሚጠቀሙ፣ እውነተኛው ፍሳሽ ግን ጨው፣ ስብ፣ ፀጉርና ሰልፋይድ ይዞ እንደሚመጣና እነዚህ ሁሉ በገለባው ላይ ለቦታ እንደሚሻሙ አስረዳ። በጥናቶቹ ርዕስ ላይ የሚነበበው የመቶኛ ቁጥርም ገለባው በበዛ መጠን ከፍ እንደሚል፣ ስለዚህ ስንት በመቶ ከማለት ይልቅ በአንድ ግራም ስንት ሚሊ ግራም ብሎ መጠየቅ እንደሚሻል ጨመረ። ይህን አባባል ለተማሪዎቼ በሰሌዳ ላይ ጽፌላቸዋለሁ።

ቁጥር 12 ከኮንሶ ነበር። በእርጋታ፣ የሽፈራው ዛፍ በኮንሶ፣ በደራሼና በጋሞ በየጓሮው የሚበቅል የምግብ ዛፍ እንደሆነ፣ የእኛው ዝርያ በዓለም ከሚታወቀው የህንድ ዝርያ እንደሚለይ፣ 6,000 ኩንታል ፍሬ ማለት ደግሞ የስንት ቤተሰብ ጓሮ እንደሆነ አንድ ሰው አስቦ እንደሆነ ጠየቀ። ከዚህ ተነሥቶ ቁጥር 13 ኩርኩፋ (ከሽፈራው ቅጠል ጋር የሚበላው የኮንሶ ምግብ) በማሽላ ይሻላል ወይስ በበቆሎ ወደሚል ክርክር ገባ፤ ጨዋታው ግን ብዙ አልቆየም።

ክሩን ወደ ቁም ነገር የመለሰችው በቁጥር 14 የጻፈች የአዲስ አበባ እናት ናት። በአቃቂ ወንዝ ዳር የሚለማ ቆስጣና ሰላጣ ለዓመታት ለልጆቿ ስታበላ እንደኖረች፣ ቅጠሉን ደጋግሞ ማጠብ ብረቱን ያስወግድ እንደሆነ ጠየቀች። አጠያየቋ ከድንጋጤ ይልቅ ድካም ነበረበት። ቁጥር 15 በአክብሮት፣ እህቴ እያለ፣ ማጠብ በቅጠሉ ላይ ያለውን አፈርና አቧራ እንደሚያነሣ፣ በሥር በኩል ገብቶ ቅጠሉ ውስጥ ያለውን ግን እንደማይነካ አስረዳት። ብረቶች ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ክሮሚየም አብዛኛው በሥሩ ላይ ተይዞ ይቀራል፣ ወደ ቅጠል የሚወጣው ጥቂቱ ነው፤ ካድሚየም ግን በቀላሉ ወደ ቅጠልና ወደ እህል ይወጣል። በጃፓን በጂንዙ ወንዝ አካባቢ ሰዎችን አጥንታቸው እስኪሰበር ያሠቃየው ኢታይ ኢታይ የተባለ በሽታ የመጣው ካድሚየም በገባበት ሩዝና ውሃ እንደነበር አስታወሰ። ስለዚህ በአቃቂ የሚያስጨንቀው ክሮሚየም ብቻ እንዳልሆነ፣ ከባትሪ፣ ከቀለምና ከብረት ሥራ የሚወጣውም መታየት እንዳለበት አሳሰበ።

ቁጥር 16 ዛፉን ትቶ ሣሩን ያዘ። ሰው ሠራሽ ረግረግ ሠርቶ ደንገል፣ ፊላና ቬቲቨር ሣር መትከል ከሁሉ የተሻለው የተፈጥሮ ማጣሪያ እንደሆነ፣ እምቦጭም ቢሆን በቆቃ እንዲሁ ጠላት ከሚባል በሥሩ ብረት የመያዝ ችሎታው ቢሠራበት እንደሚበጅ ጻፈ። ሐሳቡ ይማርካል። በሁለት ወገን ግን ተመታ።

አንደኛው ምት ቁጥር 17 ነው። በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል በጥር 1992 (እ.ኤ.አ.) ዊል ጄን ከተባለ የተተወ የቆርቆሮ ማዕድን ጉድጓድ ብረት የተሸከመ አሲዳማ ውሃ ፈንድቶ ወደ ፋል ወንዝ አፍ ሲገባ ውሃው ብርቱካንማ ሆኖ እንደነበር፣ ከሁለት ዓመት በኋላም የሸምበቆ መደቦች ያሉት የተፈጥሮ ማጣሪያ ለሙከራ እንደተሠራ ጸሐፊዋ ተረከች። ከዚያ ሙከራ ብዙ ዕውቀት ተገኝቷል፤ ሆኖም በ2000 (እ.ኤ.አ.) ሥራ የጀመረውና ዋናውን ሸክም የተሸከመው ኖራ የሚጨምር ጣቢያ ነው፤ የውሃው ብዛትና ያለው መሬት አልተመጣጠኑምና። እሷው እንደጻፈችው በረግረግ ውስጥ ብረትን በዋናነት የሚይዘው ተክሉ ሳይሆን ጭቃው፣ በሥሩ ዙሪያ ያሉ ረቂቅ ተሕዋስያንና የሚበሰብሰው ቅጠል ነው፤ ወደ ግንዱና ወደ ቅጠሉ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ጥቂት ነው። ስለዚህ ደንገሉን አጭዶ መውሰድ ረግረጉን አያጸዳውም። የታጨደውንም ማቃጠል ሌላ ጣጣ አለበት፤ ባለ ሦስት ክሮሚየም ከኖራና ከአየር ጋር ሲቃጠል፣ ካንሰር አምጪ ወደ ሆነው ባለ ስድስት ክሮሚየም ሊለወጥ ይችላል። ለከብት መመገብማ አይታሰብም።

ሁለተኛው ምት ለስለስ ያለ ነበር። ቁጥር 18 በህንድ ያሉትን የኮልካታ ከተማ ምሥራቃዊ ረግረጎች አነሣ። 12,500 ሄክታር ገደማ የሚሸፍኑት እነዚያ ረግረጎች የከተማዋን የቤት ፍሳሽ በፀሐይና በአልጌ እያጸዱ ዓሣ ያረቡበታል፤ በ2002 (እ.ኤ.አ.) ረግረጎችን ለመጠበቅ በተደረገው በራምሳር ስምምነት ተመዝግበዋል። ነገር ግን በዚያችው ከተማ የነበሩት የታንግራ ቆዳ ፋብሪካዎች በ1996 (እ.ኤ.አ.) በህንድ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ከመኖሪያ ሰፈር ወጥተው ባንታላ ወደሚባል ቦታ እንዲዛወሩ ተወስኗል። የጸሐፊው ነጥብ ረግረግ ሰገራና የምግብ ትራፊን ይበላል፣ ክሮሚየምን ግን ያከማቻል የሚል ነበር። የሚበሰብስ ነገር ሲበላ ያልቃል፤ ብረት አያልቅም፣ ቦታ ይለውጣል እንጂ።

ቁጥር 19 ከባቱ ከተማ ስለ ፍሎራይድ ጠየቀ። ፍሎራይድ ከባድ ብረት ስላልሆነ ጥያቄው ከመንገድ የወጣ ነው ተብሎ ተወቀሰ፤ ወቀሳው አላስፈላጊ ነበር። በስምጥ ሸለቆ የሚኖር ሰው ጥርሱ ከለጋነቱ ቡናማ ሆኖ ሲያድግ፣ በሰንጠረዥ ላይ ብረት ይሁን አይሁን ምኑ ነው? የተቃጠለ አጥንት ከሰል ፍሎራይድን ከውሃ እንደሚይዝ፣ ሲሞላ ግን መታደስ ወይም መቀየር እንዳለበት ነግሬዋለሁ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ቁጥር 20 በመጀመሪያ ሳነበው አናደደኝ። ጸሐፊው የኮምፒውተር ሰው ነው። ነዋሪው ስለ ወንዙ በማኅበራዊ መገናኛ የሚጽፈውን ሁሉ ሰብስቦ በስሜት ትንተና ማሽን፣ ማለትም ጽሑፉ ምስጋና ይሁን ቅሬታ በሚለይ ፕሮግራም፣ ማሳለፍና የብክለቱን ቦታ ከቅሬታው ብዛት ማወቅ እንደሚቻል ሐሳብ አቀረበ። ቁጥር 21 ባይከተለው ኖሮ ባዶ ወሬ ብዬ አልፈው ነበር። ጸሐፊዋ በስሪላንካ በሚነገረው በሲንሃላ ቋንቋ ላይ ስለተሠራው የዚህ ዓይነት ሥራ የምታውቅ ነበረች። በስሪላንካ የሞራቱዋ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ወደ 15,000 የሚጠጉ የዜና አስተያየቶችን ለማሽን ትምህርት ሲያዘጋጁ፣ አዎንታዊ፣ አሉታዊና ገለልተኛ በሚሉት ላይ ሁለቱንም ስሜት በአንድ ላይ ለሚይዙ አስተያየቶች አራተኛ ክፍል መጨመር እንዳስፈለጋቸው ገለጸች። በሲንሃላ የሚነገረውና የሚጻፈው ቋንቋ እንደሚራራቁ፣ የንግግሩ አፍራሽ ቃል (አይደለም እንደሚለው ያለው) ብዙውን ጊዜ ከግሱ በኋላ ራሱን ችሎ እንደሚቆም፣ በአማርኛ ግን አፍራሹ ግሱን ከፊትና ከኋላ እንደሚያቅፈው አስረዳች፤ ውሃው አልጸዳም የሚለውን ቃል የሚቆጥር ደካማ ማሽን ውስጡ ጸዳ የሚለውን አግኝቶ ምስጋና አድርጎ ሊመዘግበው ይችላል። በጸሎቱ ጸ እና በፀሐዩ ፀ መካከል ያለው የአጻጻፍ ልዩነት ሲጨመርበት፣ በየቀኑ ቀለሙን የሚቀያይር ወንዝ ስላለን ዕድለኞች ነን ብሎ የሚቀልድ ሰው ሲጨመርበት፣ የማሽኑ ነገር አበቃለት።

እሷው አንድ ነገር ጨምራለች፤ ከክሩ ሁሉ ያስተከዘኝም ይኸው ነው። በስሪላንካ በወሊወሪያ አካባቢ የመንደር ሰዎች የጉድጓድ ውሃቸው በአንድ የላስቲክ ጓንት ፋብሪካ ምክንያት አሲዳማ ሆነብን ብለው ሲጮሁ ቆይተው፣ ነሐሴ 1 ቀን 2013 (እ.ኤ.አ.) ንጹሕ ውሃ ለመጠየቅ አደባባይ በወጡበት ወታደሮች ተኩሰውባቸው ሰዎች ሞቱ። ቅሬታው ለማንም የተሰወረ አልነበረም፤ ስሜቱን ለመረዳት ማሽን አያስፈልግም ነበር። ቁጥር 20 ከዚህ በኋላ አልጻፈም።

ቁጥር 22 በቆዳ ፋብሪካ የፍሳሽ ማጣሪያ ላይ የሚሠራ ሰው ነው፤ የሚሠራበትን አልጠቀሰም፣ እኛም አልጠየቅነውም። በእሱ አስተያየት ስሕተቱ የሚጀምረው የማልፊያውን ፍሳሽ ከፀጉር ማንሻውና ከመታጠቢያው ፍሳሽ ጋር ከመቀላቀል ነው። ክሮሚየም የያዘው ቦይ ለብቻው ቢለይ፣ በማግኒዚየም ኦክሳይድ ረግቶ በሰልፈሪክ አሲድ ተመልሶ ሊሟሟና እንደገና ለማልፊያ ሊውል ይችላል፤ ያኔ ዝቃጩ ቆሻሻ መሆኑ ቀርቶ ዕቃ ይሆናል። አንድ ሰው ጣልቃ ገብቶ በእምቧይ ወደሚለፋበት ወደ ጥንቱ አሠራር ለምን አንመለስም ሲለው፣ የዕፅዋት ማልፊያም ኦክስጅን የሚያሟጥጥ ጠቆር ያለ ፍሳሽ እንዳለውና የሚወጣውም ቆዳ ለሌላ ሥራ የሚሆን እንደሆነ በአጭሩ መለሰ። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ከወጣ ብዙ ዓመት እንደሆነው፣ ለቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የተቀመጠው የጠቅላላ ክሮሚየም ወሰንም በሊትር 2 ሚሊ ግራም እንደሆነ አስታውሶ፣ ይህን ወሰን በዓይን ማየት እንደማይቻል ነገረኝ። ጥርት ያለ ውሃ ከወሰኑ በላይ ክሮሚየም ሊኖረው ይችላል። ጠራ እና ጸዳ ሁለት ቃል ናቸው።

በመካከሉ ሦስቱን ዕቃዎች ሞክረናቸው ነበር። በዚህ ጊዜ ልጆቹ ከሩቅ ሆነው መዘገቡ፤ የነካሁት እኔ ብቻ ነኝ። ፍሬ ብቻ የገባበት ድፍርሱ ቀነሰ፣ አረንጓዴነቱ ግን አልለቀቀም። ኖራ ብቻ የገባበት ቀለሙን ጣለ፤ ዝቃጩ ግን እንደ ደመና ተንሳፎ እስከ ማግስቱ ቆየ። ሁለቱም የገቡበት በአንድ ሰዓት ውስጥ ረጋ። ፍሬው ድርሻ አለው ማለት ነው፤ ድርሻው ግን ኖራው ያወረደውን ማሰባሰብ ነው። ይህን ለጥፌ መሐንዲሱን ይቅርታ ስጠይቃቸው፣ መምህር የማነጻጸሪያ ዕቃ ከሠራ ይቅርታ አያስፈልገውም የሚል መልስ በግል ላኩልኝ። ቁጥር 8 ግን አሁንም አልታረቀም።

የመጨረሻው፣ ቁጥር 23፣ ቁጥር 4 ላይ የጻፈችው ሴት ናት። ያንኑ ጥያቄ፣ በዚያው ቃል፣ ደገመችው።

የመጀመሪያውን ዕቃ ዝቃጭ ልጆቹ ከቤተ ሙከራው ጀርባ፣ ጎመን ከተተከለበት መደብ አጠገብ ደፍተውት እንደነበር ጻፍሁላት። አፈሩን ቆፍሬ በሁለት ጆንያ አስሬ አስቀምጫለሁ፤ ጎመኑም ተነቅሏል። የሦስቱ ዕቃዎች ዝቃጭ ክዳኑ ተጠብቆና ስም ተጽፎበት በቁም ሣጥን ውስጥ አለ። ፍሳሹ የመጣበት ፋብሪካ እንዲረከበኝ ደብዳቤ ጽፌ ሦስተኛ ሳምንቴ ነው፤ እስካሁን መልስ የለም።